እያወቅን ዝም ያልነው፦ ስለ ተማሪዎቻችን የአእምሮ ጤና

(በማኅበራችን ዓመታዊ የተመራቂዎች መገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው ያለህ» ብሎኛል። ዕድሜውን ሙሉ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለኖረ መምህር ይህ ግማሽ ፔሬድ ነው። እንደምታውቁት መምህር ግማሽ ፔሬዱን ስም በመጥራት ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ስም ሳልጠራ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

እኔ ከዚህ ግቢ የወጣሁት በ1985 ዓ.ም ነው። ሒሳብ ነበር ያጠናሁት። ዕጣ ወጥቶልን፣ አንዳችን ወደ ደቡብ፣ አንዳችን ወደ ምሥራቅ፣ ሻንጣችንን አንጠልጥለን ተበተንን። የሥነ ትምህርት ኮርሶችን ወስደናል፤ መምህራኖቻችን እዚህ ፊት ለፊት ስለተቀመጡ አልዋሽም፣ ጥሩ አድርገው አስተምረውናል። የፒያዤን አራት እርከኖች በቃሌ እወጣቸው ነበር። የትምህርት ዕቅድ ማውጣት፣ ፈተና ማዘጋጀት፣ ውጤት መተንተን እችል ነበር። አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ሆኖ ግን እንደሌለ ሲሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አለማወቄንም አላውቅም ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ይህን እንዴት እንደተማርኩ ነው። ያስተማረችኝም ተማሪዬ ናት።

ነገሩ የሆነው በ2002 ዓ.ም ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ባለች አንዲት ከተማ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪና የአንድ ክፍል ኃላፊ መምህር ነበርኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ ከአክስቷና ከትንሽ ወንድሟ ጋር ነበር የምትኖረው። እናቷ ዓረብ አገር ሠራተኛ ነበረች። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ አንደኛ ባትወጣም ከአምስቱ አትጠፋም። አንድ ልማድ ነበረባት፤ ከምሳ በኋላ ባለው ፔሬድ እንቅልፍ ይጥላታል። እኔ ደግሞ የዚያን ጊዜ ልማዴ ጠመኔ መወርወር ነበር። ቁራጭ ጠመኔ ዴስኳ ላይ ጣል ሳደርግ ክፍሉ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ትምህርቱ ይቀጥላል።

መጋቢት ላይ አክስቷ ከአንድ የእድር ሽማግሌ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ መጣች። ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። እናቷ እዚያው ዓረብ አገር ማረፏን ነገሩን። ሽማግሌው እንዲህ አሉ፦ «ልጅቷ አሁን ብትሰማ ፈተናው ይቀርባታል። እናቷ የተንከራተተችው ለዚህች ቀን ነው። ፈተናው ይለፍ፣ ከዚያ በወጉ መርዶ እንነግራታለን። እናንተም አደራ።» ርዕሰ መምህሩ ተስማማ፤ እኔም ተስማማሁ። እንዲያውም የሚያስተምሯትን መምህራን አንድ በአንድ እየጠራሁ «አደራ እንዳታስጨንቋት» ያልኩት እኔው ነኝ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተቆጣኋትም። ስታረፍድ ዝም አልኳት። የቤት ሥራ ሳትሠራ ስትመጣ አለፍኳት። ከቀድሞው ይበልጥ መተኛት ጀመረች፤ ተዋት አልኩ። ጓደኞቿን ሸሸች፤ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። «ፈተናው ስለደረሰ ነው» አልን።

ፈተናው አለቀ። በማግስቱ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹና የእድር ሰዎች በሩን አንኳኩ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ልብሷን ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታ ነበር። ማናችንም ይህን ልብ አላልነውም። መርዶው ተነገራት። አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ መሬት መሬት ታያለች። ከሴቶቹ አንዷ «ልቧ እንዴት ደንዳና ነው!» ስትል ሰማሁ። የፈተና ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልነበረም። እኔም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተዛውሬ ወደ አዲስ አበባ መጣሁ።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ2011 ዓ.ም ምክትል ርዕሰ መምህር በሆንኩበት ትምህርት ቤት፣ በምዝገባ ሰሞን፣ አንዲት ወጣት ወንድሟን 9ኛ ክፍል ልታስመዘግብ መጣች። «ቲቸር፣ አላወቁኝም?» አለችኝ። እሷ ናት። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው ወንድሟ ቁመቱ በልጦኛል። ሻይ ቤት ተቀመጥን። ስለ ቤተሰቧ ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ። ከዚያ እንደ ዘበት ይህን አለችኝ፦

«እኔ እኮ አውቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቦኖ ውኃ ልቀዳ ወርጄ አንዲት ልጅ ‹ነፍስ ይማር› አለችኝ። ዞር ስል አፏን ያዘች። ቤት ገባሁና አክስቴን ልጠይቃት አልኩ። ፊቷን ሳየው አልቻልኩም። እኔ እንዳልሰማ ስንት ቀን ጓዳ ገብታ እንዳለቀሰች ታየኝ። ተውኩት። እናንተ እንዳላወቅሁ እንድሆን ትፈልጋላችሁ፣ እኔም እንዳላወቅሁ ሆንኩ።»

«እርግጠኛ የሆንሽው መቼ ነው?» አልኳት።

«እርስዎ ጠመኔ መወርወር ያቆሙ ቀን ነዋ!» አለችኝ።

እሺ፣ ይህን ሰው ምን ይለዋል? ሦስት ወር ሙሉ ያቺ ልጅ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ፣ ወንድሟ እንዳይሰማ ጨርቅ ነክሳ እያለቀሰች፣ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ትመጣ ነበር። ቀን የምትተኛው ሌሊት ስለማትተኛ ነው። ሲነጋጋ መርዶ ነጋሪ እየጠበቀች ልብሷን ለብሳ የምታድርባቸው ሌሊቶች ነበሩ። በመጨረሻ ስንመጣ እንባዋ አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንቅልፍ አጣች፣ ምግብ አስጠላት፣ ሰው አስጠላት። ፀበል ወሰዷት፣ ትንሽ ቀለል አላት፣ ተመለሰባት። በኋላ አንዲት ጎረቤት ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላከች። እዚያ የአእምሮ ሕክምና ነርስ አግኝታት፣ «ድባቴ ይባላል፣ ይታከማል» አለቻት። ታከመች፣ ዳነች። ዛሬ አንድ ዳቦ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ናት፤ ማታ ማታ ትማራለች። ይህን ታሪክ እዚህ ልናገረው ስል ፈቃዷን ጠይቄአለሁ። «ስሜን አይጥሩ እንጂ ይንገሩ፤ መምህራን ይስሙ» ብላኛለች።

ወዳጆቼ፣ ይህን ያመጣሁት አክስቷን ለመክሰስ ወይም ወጋችንን ለመንቀፍ አይደለም። የእኛ ለቅሶ ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤት ምንጣፍ ይዞ ይመጣል፤ እድር ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም፤ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ እያለ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ሐዘንን በጋራ መሸከምን ከማንም አልተበደርነውም። የእኛ ጥፋት ያቺን ልጅ ከዚያ ድንኳን ውጭ ማቆየታችን ነው። ሐዘኑን ሰጥተን ለቅሶውን ነሳናት። ደግሞ ለማን ብለን? ለፈተና።

አሁን ደግሞ ወደ ቁጥር ልምጣ፤ የሒሳብ መምህር ነኝና ታገሡኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚጀምሩት ሰውየው 14 ዓመት ሳይሞላው ነው፤ አብዛኞቹም ሳይታወቁና ሳይታከሙ ይቀራሉ። 14 ዓመት ማለት በእኛ አገር 8ኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ይህ ነገር ሲጀምር አጠገቡ ያለው ሰው ሐኪም አይደለም፤ መምህር ነው። እኛ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ እናያቸዋለን። አንዳንዱን ልጅ ከወላጁ ይበልጥ እናየዋለን።

ሁለተኛው ቁጥር ሁላችሁም የምታስታውሱት ነው። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጥቶ ውጤቱ ጥር 2015 ላይ ሲገለጽ፣ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ፈተና አሰጣጥ ብዙ ተከራክረናል፤ መከራከሩም ተገቢ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ሲነሳ አልሰማሁም። በአንድ ቀን፣ ከመቶው ዘጠና ሰባት ያህሉ «ወድቀሃል» የተባለበት ትውልድ በዚያ ምሽት የት ነበር? ማን ነበር አጠገቡ? እኔ በነበርኩበት ትምህርት ቤት ውጤቱ የወጣ ዕለት ተማሪዎቹ አልመጡም፤ እኛም አልፈለግናቸውም። በሦስተኛው ቀን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «አንድ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ከትናንት ጀምሮ ተቀምጧል» ብሎ ነገረን። ሄደን አመጣነው። አባቱ ፊት መቅረብ ፈርቶ ነው። ያንን ልጅ ያገኘው መምህር አልነበረም፣ ዘበኛው ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በዚህ ላይ ጦርነት ያፈናቀላቸው፣ የተኩስ ድምፅ ሰምተው የመጡ፣ ትምህርታቸው ዓመታት የተቋረጠባቸው ልጆች በየክፍላችን አሉ። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ ተማሪ አጋጥሟችሁ «ምን ያስደነብርሃል!» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ሐኪም አይደለሁም። መምህርን ሐኪም እናድርገው ማለቴም አይደለም። ከዚያች ሻይ ቤት ከወጣሁ በኋላ በትምህርት ቤታችን የሞከርነውን፣ የሠራውንም ያልሠራውንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የነካነው ቅጣትን ነው። አንድ ልማድ አወጣን፤ አርፋጅ፣ ክፍል ውስጥ የሚተኛ፣ የሚደባደብ ተማሪ ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ሲቀርብ ከቅጣት በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል። ትናንት ማታ ተኝተሃል? ዛሬ በልተሃል? ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነህ? እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሰው። በቃ። መምህራኑ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ «ጤና ጣቢያ ከፈትክ እንዴ?» አሉኝ። በአንድ ወር ውስጥ ግን ስንት ሳይበላ የሚመጣ ልጅ እንዳለ፣ ስንቱ ብቻውን ቤት ተከራይቶ እንደሚኖር ስናውቅ ሳቁ ቆመ። ከሚቀጡት መካከል ቀላል የማይባሉት መቀጣት ሳይሆን ምሳ ነበር የሚያስፈልጋቸው።

ሁለተኛ፣ ምልክቱን ማወቅ። ልጅ ሁሉ አንዳንድ ቀን ይከፋዋል፤ እሱ በሽታ አይደለም። ቀድሞ ይወደው የነበረውን ነገር ሲተው፣ ከጓደኛ ሲሸሽ፣ እንቅልፉና ምግቡ ሲዛባ፣ ውጤቱ በድንገት ሲያሽቆለቁል፣ «እኔ ምን እረባለሁ» ማለት ሲያበዛ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ግን መጠየቅ አለበት። ደግሞ ዝምተኛውን አንርሳ። የሚረብሸው ልጅ ሁልጊዜ ይታየናል። ዝም የሚለውን «ጨዋ» ብለን እናልፈዋለን።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ብዙዎቻችን ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ እንፈራለን፤ «ነገሩን ላስታውሰው ነው» እንላለን። ባለሙያዎቹ የሚሉት ተቃራኒውን ነው። በእርጋታና በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን ልጁ ውስጥ አይተክልም፤ እንዲያውም የሚያወራው ሰው ማግኘቱ ሸክሙን ያቀልለታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ራስን ማጥፋትን ከዋና ዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። አዎ ካለ አትቆጡት፣ አትስበኩት፣ ብቻውን አትተዉት። ቤተሰብ ይጠራ፤ የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

አራተኛ፣ የምክር ክፍሉ። በየትምህርት ቤቱ «ጋይዳንስና ካውንስሊንግ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ አለ። ስንከፍተው የተሰበረ ዴስክና አሮጌ መጽሐፍ እናገኛለን። የእኛም እንዲሁ ነበር። አጸዳነው፣ ሁለት ወንበር አስገባን፣ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፊት ለፊት ስለነበር ቦታ ቀየርንለት። ልጆች ወደዚያ ሲገቡ «ምን አጥፍቶ ነው?» መባል አይፈልጉም። ሥራውንም ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ለየነው። የሚቀጣህ ሰው ዘንድ ሄደህ ምስጢርህን አትነግርም።

የጥቆማ ሳጥንም አስቀምጠን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣው ስለ መጸዳጃ ቤቱ አቤቱታ፣ አንድ የፍቅር ደብዳቤና የእኔ ካርቱን ነበር። ካርቱኑ ይመስላል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከደብተር የተቀደደች ቁራጭ ወረቀት ወጣች፤ አንድ መስመር ብቻ። የተጻፈውን አልነግራችሁም። ልጁን እስክናገኘው ድረስ ሁለት ቀን አልተኛሁም። አገኘነው። በሕይወት አለ።

ያልሠራውን ደግሞ ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት ከመምህራኖቻችን አንዱ፣ በክፋት ሳይሆን በማዘን፣ አንዲት ልጅ የነገረችውን ስታፍ ሩም ውስጥ አወራው። በሳምንቱ ግቢው ሁሉ ሰማ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ቀየረች። ከዚያ በኋላ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያንን በር ያንኳኳ ተማሪ አልነበረም። ሁለት ዓመት የገነባነው በአንድ ሻይ ሰዓት ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ከመጀመሩ በፊት ለልጁ እንዲህ እንለዋለን፦ «የምትነግረኝ እዚህ ይቀራል። የአንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለማን እንደምነግር አስቀድሜ እነግርሃለሁ።» ይህን ሰምተው የሚሄዱ አሉ። የሚበዙት ግን ይቆያሉ።

«ባለሙያ የለም» የሚል ክርክር እንደሚነሳ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ጥቂት ናቸው። በአገራችን የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት ውጭ አገር ሄዶ መማር ግድ ነበር። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም የሚዘልቅ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጥቶ፣ አገልግሎቱ በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሳይወሰን ወደ ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ ታቅዷል። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው፤ ገና ብዙ ይቀራል።

ግን እስከዚያው እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ዚምባብዌን ተመልከቱ። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ከ2006 እ.ኤ.አ ጀምሮ በሐራሬ የሠፈር አያቶችን አሠልጥኖ፣ በጤና ጣቢያ ግቢ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። «የወዳጅነት አግዳሚ» ይሉታል። አያቶቹ ከተጨነቀው ሰው ጋር ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን አስመርጠው ምን ማድረግ እንደሚችል አብረውት ያስባሉ። የሚጠቀሙበት ቃል የራሳቸው የሾና ቃል ነው፤ «ኩፉንጊሲሳ»፣ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ ገደለው» እንል የለ? ይህ አሠራር በጥናት ተፈትሾ፣ ከስድስት ወር በኋላ የሰዎቹ የድባቴና የጭንቀት ምልክት መቀነሱ በ2016 እ.ኤ.አ ታትሟል። አያቶቹ ዲግሪ የላቸውም። ሥልጠና፣ ክትትልና ከባድ ሲሆን የሚልኩበት ቦታ ነው ያላቸው። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ግን አግዳሚው እንጨት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ተመራቂ ሆኖ ወደ ግቢው መጥቶ ሳይለምን የሚመለስ የለም።

ለመምህራኖቻችን፦ ዛሬ እዚህ ሆናችሁ የምታሠለጥኗቸው ወጣቶች ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ 60 ተማሪ ፊት ይቆማሉ። ስለ አእምሮ ጤና የሚማሩት ለፈተና ሳይሆን እጃቸው እስኪለምድ ይሁን። በተግባር ልምምድ ወቅት አንድ ልጅ ቁጭ አድርገው ማዳመጥን፣ ምልክት መለየትን፣ ወዴት እንደሚልኩ ማወቅን ይለማመዱ። የሳይኮሎጂ ተማሪዎቻችሁ በአቅራቢያችን ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በመምህራኖቻቸው ክትትል፣ ይሥሩ። እኛ በሩን እንከፍታለን።

ደግሞ እዚሁ ግቢ ያሉትን እንይ። መጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከቤቱ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የማያውቀው ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ዶርም ያድራል። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረው እዚህ መካከለኛ ይሆናል። የመጀመሪያው ሚድተርም ውጤት ሲለጠፍ የሚጠፋው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ ያፈረ ነው። አማካሪ መምህሩ ስሙን እስከ ኅዳር ቢያውቅለት፣ አንድ ቀን «እንዴት ነህ፣ ለመድክ?» ቢለው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። ያስቀረኝ አንድ መምህር ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ «የት ጠፋህ?» ስላለኝ ነው። እሳቸው ረስተውታል፤ ዛሬ ጠዋት ጠይቄአቸው ነበር።

ለእኛ ለተመራቂዎች፦ በየዓመቱ ለተማርንባቸው ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ፣ ኮምፒዩተር፣ ቀለም እንሰጣለን። መልካም ነው፣ ይቀጥል። የዘንድሮውን ግን በሌላ እንጀምር። የሚዘጋ በር ያለው አንድ ክፍልና ሁለት ወንበር፤ ለመምህራኑ አጭር ሥልጠና፤ በወር አንድ ጊዜ እየመጣ ከባዱን የሚያይና አዳማጮቹን የሚከታተል ባለሙያ። ከመካከላችን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ሐኪሞች፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች አሉ፤ ስንት እንደሆናችሁ የማኅበሩ መዝገብ ያውቃል። ውጭ አገር ያላችሁም በስልክ አብራችሁን መሥራት ትችላላችሁ። በአንድ ትምህርት ቤት እንጀምር። ሠርቶ ሲታይ ሁለተኛውን እንጨምራለን።

የሃይማኖት አባቶችንም አንዝለላቸው። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። ጸሎቱንና ሕክምናውን አንዱን ከሌላው አናጣላ፤ ተማሪዬ የዳነችው አንዲት ጎረቤት ፀበሉን ሳትነቅፍ «ጤና ጣቢያም እንሞክር» ስላለቻት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን አንድ ቃል። መምህር ይደክመዋል። ደመወዙ ከወር እስከ ወር የማያደርሰው፣ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው፣ ቤቱ የታመመ ያለበት መምህር የሌላውን ልጅ ጭንቀት ሲሰማ ይከብደዋል። በትምህርት ቤታችን አዳማጮቹ መምህራን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እርስ በርስ ቡና እየጠጣን የራሳችንን እናወራለን። የተማሪ ስም አይጠራም። ይህን ካላደረግን የሚሰማ ጆሮ አይኖረንም ነበር።

ያች ተማሪዬ ከሻይ ቤቱ ስንወጣ አንድ ነገር ጠይቃኛለች። «ቲቸር፣ ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ፈተናውን አልፍ ነበር ይላሉ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ የለኝም። ላታልፍም ትችል ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እነዚያን ሦስት ወራት ብቻዋን አታሳልፋቸውም ነበር። ወንድሟ ከእኛ ትምህርት ቤት ወጥቷል። 9ኛ ክፍል ሳለ የመጀመሪያው ቀን ወደ ቢሮዬ አመጣችውና ፊቴ አቁማ «አንድ ነገር ከሆነ እሱንም እኔንም እኩል ይንገሩን» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ጠብቄአለሁ።

ሃያ ደቂቃዬ አልቋል፤ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። መምህራኖቻችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። በዚህ ዓመት ያጣናቸውን ጓደኞቻችንን ነፍስ ይማር። ለከርሞው ደግሞ ሁላችንንም በሰላም ያገናኘን።